ሕግ በኮሚቴ ክፍል ውስጥ
(የ12ኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን ያደረገው ንግግር)



የመረጥሁት አርእስት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴዎች ከቀን ወደ ቀን ስለሚሠሩት ሥራ ነው። ይህን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ «ይህስ እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ነው» ብላችሁ ሳታስቡ እንዳልቀራችሁ እገምታለሁ። አልፈርድባችሁም። ይሁን እንጂ ወላጆቻችን የሚከፍሉት ግብር፥ የምንታከምበት መድኃኒት፥ ነገ ተቀጥረን የምንሠራበት ውል ሁሉ በሕግ የሚመራ ነው። ሕጉም መልክ የሚይዘው ሰው በማያየው በዚሁ በኮሚቴ ክፍል ውስጥ ስለ ሆነ፥ ለጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ብዙዎቻችን ምክር ቤቱን የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው። አፈ ጉባኤው ወይም አፈ ጉባኤዋ «የምትደግፉ?» ሲሉ እጅ ይወጣል፤ «የምትቃወሙ? ድምፅ ተአቅቦ?» ይባላል፤ አዋጁም ጸደቀ ይባልና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይታለፋል። ይህን የተመለከተ ሰው «የአገር ሕግ በግማሽ ሰዓት ይወጣልን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱም ይህ ነው፤ የእጁ መውጣት የመከሩ ቀን እንጂ የእርሻው ወራት አይደለም። እርሻው የሚታረሰው፥ አረሙም የሚነቀለው በኮሚቴ ነው፤ ወይም ሊሆን የሚገባው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ሕገ መንግሥቱ ምን እንደሚል እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት የምክር ቤቱ አባላት ቍጥር ከ550 እንዳይበልጥ ይወስናል። በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳለው፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን የፌዴራል ባለሥልጣኖች ጠርቶ ለመጠየቅ እንደሚችል፥ ለሥራውም የሚያስፈልጉትን ቋሚና ጊዜያዊ ኮሚቴዎች እንደሚያቋቁም ተጽፏል። የሥራው ዘመን በየዓመቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይፈጸማል፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለው።

አገራችን ከምክር ቤት ጋር የተዋወቀችው ግን በ1987 አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የተባሉ ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ አባሎቻቸውን ግን ሕዝብ አልመረጣቸውም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ አባሎች በሕዝብ እንዲመረጡ አደረገ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን በያዘ ጊዜ ያ ምክር ቤት ተዘጋ። ይህን ታሪክ ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ ስለ ሕዝቡ ጉዳይ ሕዝቡ በመረጣቸው ሰዎች ተቀምጦ መነጋገር ለእኛ በቀላሉ የተገኘ ነገር እንዳልሆነ ለማሳሰብ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። የኮሚቴ ትርጉሙ ይኸው ነው። አምስት መቶ ሰው በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ የአንድን ረቂቅ እያንዳንዱን አንቀጽ ሊመረምር አይችልም፤ ሁሉ ይናገር ቢባል ዓመቱ ያልቃል፥ ጥቂቱ ብቻ ይናገር ቢባል ብዙው ዝም ይላል። ስለዚህ አባሎቹ ይከፋፈላሉ፤ አንደኛው ወገን የጤናን፥ ሌላው የግብርናን፥ ሌላው የበጀትን፥ ሌላው የሕግና የፍትሕን ጉዳይ ይይዛል። የኮሚቴዎቹ ስምና ቍጥር እንደ ጊዜው ይለዋወጣል፤ የሥራው ጠባይ ግን አንድ ነው።

አንድ ረቂቅ አዋጅ እንከተል። አብዛኛውን ጊዜ ረቂቁ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል። በመጀመሪያው ንባብ በጠቅላላ አሳቡ ላይ ውይይት ይደረግና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ረቂቁን ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት ጠርቶ «ይህን አንቀጽ ለምን አስገባችሁት? ለዚህስ ገንዘቡ ከወዴት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ባለሙያዎችን፥ የንግድ ማኅበሮችን፥ የሠራተኛ ማኅበሮችንና ሌሎችንም ሰዎች በሕዝብ መድረክ ሰብስቦ አሳባቸውን ይሰማል። ከዚያም የሚስተካከለውን አስተካክሎ ከሪፖርትና ከውሳኔ አሳብ ጋር ለምክር ቤቱ ይመልሳል። በሁለተኛው ንባብ ምክር ቤቱ ተወያይቶ ድምፅ ይሰጣል። የጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም ሕጉ ያለ ፊርማ ይጸናል። በነጋሪት ጋዜጣም ታትሞ ይወጣል።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ የሚገባን የቃላቱ ምርመራ ይመስለኛል። በሰዋስው ክፍለ ጊዜ «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» እያልን ስንት ጊዜ አጉረምርመናል! ለምሳሌ አንድ ረቂቅ «መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ለሚወሰድበት ገበሬ መሥሪያ ቤቱ ካሣ ሊከፍል ይችላል» ቢል፥ ሌላው ደግሞ «ካሣ መክፈል አለበት» ቢል፥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ግሥ ብቻ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ገበሬው ለማኝ ነው፤ በሁለተኛው ባለ መብት ነው። እንዲሁም «ሀብቱና ሰብሉ» ማለትና «ሀብቱ ወይም ሰብሉ» ማለት አንድ አይደለም፤ በአንዲት «ወይም» የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ጉርሥ ሊቀር ይችላል። «በአጭር ጊዜ ውስጥ» የሚል ቃልም የስንት ቀን ነው? ሦስት ወር ነውን? ሦስት ዓመት ነውን? በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 3 የፌዴራል ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተም፥ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝም አማርኛው እንዲጸና ደንግጓል። እንግዲህ በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አማርኛውን አስተካክሎ ያላነበበ ሰው፥ ዳኛ ነገ የሚፈርድበትን ቃል ሳያይ አሳለፈ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራ ገንዘብ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ቀደም ብሎ ለምክር ቤቱ ቀርቦ የሚመለከተው ኮሚቴ ይመረምረዋል። ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላም ነገሩ አይዘጋም። የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር የመሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 101 ያዛል። የመንግሥትን ወጪ የሚቈጣጠረው ቋሚ ኮሚቴም የመሥሪያ ቤቱን ኀላፊዎች አስቀርቦ «ይህ ብር በምን ደረሰኝ ወጣ? ይህስ ዕቃ ተገዝቶ ለምን ሳይሠራበት ተቀመጠ?» ብሎ ይጠይቃል። በእንግሊዝ አገር እንደዚህ ያለ የሒሳብ ኮሚቴ ከተቋቋመ ከ1861 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ በልማዳቸውም ሰብሳቢው ከተቃዋሚው ወገን ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የወንድሙን ጎተራ የሚቈጥር ሰው ፊቱን ማየት ያፍራል። በእኛም አገር ከተቃዋሚ ፓርቲ የተመረጠ አባል ይህን ኮሚቴ በሰብሳቢነት የመራበት ጊዜ ነበር።

ሦስተኛው ሥራ ክትትል ነው። ኮሚቴው የሚኒስቴሮችን ዕቅድና የሥራ ሪፖርት ይሰማል፤ ወደ ሥራው ቦታ ሄዶ መንገዱን፥ ሆስፒታሉን፥ የመስኖውን ቦይ በዐይኑ ያያል። በወረቀት «ተጠናቀቀ» የተባለ የውኃ ጉድጓድ፥ በቦታው ሲደርሱ ሴቶች አሁንም እንስራ ተሸክመው ወደ ወንዝ የሚወርዱበት ሊሆን ይችላል። ወረቀት አይላብም፤ የሚላበው ሰው ነው። ስለዚህ የሄደና ያየ ኮሚቴ፥ ተቀምጦ ከሰማ ኮሚቴ ይበልጣል።

አሁን የሚነሡትን ተቃውሞዎች ሳልሸሽ ልጥቀስ። አንዳንድ ሰዎች «አንድን ጉዳይ ለመግደል ከፈለግህ ኮሚቴ አቋቁምለት» ብለው ይቀልዳሉ። ቀልዱ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም፤ ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ የሚያድር፥ እንዲያውም የሚያረጅ ጉዳይ አለና። ነገር ግን «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለውንም አንርሳ። ተቸኵሎ የወጣ ሕግ በዓመቱ ማሻሻያ ይፈልጋል፤ በመካከሉ የተጎዳውን ሰው ግን ማሻሻያው አይክሰውም። ስለዚህ የሚነቀፈው ለመመርመር የወሰደው ጊዜ ሳይሆን፥ ሳይመረመር ያለፈው ጊዜ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ምክር ቤቱ በአንድ ወገን ብቻ በተሞላ ጊዜ፥ ኮሚቴ ማንን ይጠይቃል? በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የምክር ቤቱን መቀመጫዎች በሙሉ ኢሕአዴግና አጋሮቹ እንደ ያዙ እናውቃለን። የራሱን ፓርቲ ሚኒስትር አስቀምጦ በብርቱ መጠየቅ ለሰው ልጅ ቀላል አይደለም። ይህን ችግር ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። እኔም በበኩሌ የኮሚቴ ደንብ ብቻውን ያድነናል አልልም፤ ልዩ ልዩ አሳብ ያላቸው ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልተቀመጡ፥ ጥሩው ደንብ ባዶ ቤት ውስጥ እንዳለ ወንበር ነው። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 አባሉ ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፥ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑን ይናገራል፤ በምክር ቤት ውስጥ ስለ ሰጠውም አስተያየት ወይም ድምፅ እንዳይከሰስ ይከላከልለታል። ጋሻው የተሰጠው እንዲይዘው ነው፤ በግድግዳ ላይ እንዲሰቅለው አይደለም።

ወላጆቻችን ሆይ፥ በዕድራችሁ ይህን ሁሉ ታውቁታላችሁ። የዕድር ገንዘብ ያዥ ሒሳቡን ሳያሳይ ዓመቱ ቢያልፍ «ደብተሩን አምጣ» የሚል አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ያ ሽማግሌ ጠላት አይባልም፤ እንዲያውም ዕድሩን ያቆመው እርሱ ነው። የአገር ኮሚቴም የዕድሩ ሽማግሌ ታላቅ ወንድም ነው። በዕድር ደብተሩን የምንጠይቅ ሰዎች፥ በአገር ደብተር ላይ ዝም ማለት አይገባንም።

ጓደኞቼ ሆይ፥ የእኛ ድርሻ ምንድር ነው? ዛሬ ማንም ለኮሚቴ አልመረጠንም። ነገር ግን የክበብ ስብሰባ ስናደርግ ቃለ ጉባኤውን ሳናነብ እንፈርማለን፤ ሒሳቡ ሲነበብ እርስ በርሳችን እናወራለን፤ የተለየ አሳብ ያለውን ልጅ «አታስረዝምብን» እንለዋለን። ይህ ጠባይ በ18 ዓመት ካልታረመ በ40 ዓመት በምክር ቤት ወንበር ላይ ይገኛል። እንግዲህ ከመፈረማችን በፊት እናንብብ፤ ያልገባንን እንጠይቅ፤ ብቻውን የሚቃወመውን ጓደኛችንን እስኪጨርስ እንስማው። ለምርጫም በደረስን ጊዜ እጩውን «ምን ታሠራልናለህ?» ብለን ብቻ ሳይሆን፥ «በየትኛው ኮሚቴ ትሠራለህ? የቀረበልህን ረቂቅስ ታነባለህን?» ብለን እንጠይቀው።

በአራት ኪሎ የሚገኘውን ባለ ሰዓቱን የምክር ቤት ሕንጻ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ሰዓቱን የሚያስኬዱት ግን ከውስጥ ያሉት የማይታዩ ጥርሶች ናቸው። ኮሚቴዎችም እንዲሁ ናቸው፤ እነርሱ ቢቆሙ መርፌው በቦታው ቢኖርም ጊዜውን አይናገርም።