ዋናው ድምፅ አደራ ነው



የአባሎቻችንን ታሪክ በቪዲዮ ስንቀርጽ የመኪናው፣ የወፍጮው፣ የሕፃናቱ ድምፅ አብሮ ይገባል። ያንን ማጽዳት ተገቢ ነው። ጽዳቱ ሲበዛ ግን የተናጋሪዋ ድምፅ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ትንፋሿና ሲቃዋም ይጠፋል። ያን ጊዜ ወደ ዋናው ድምፅ መመለስን ማወቅ ያስፈልጋል።

በፕሪሚየር ፕሮ የምትሠሩ ልብ በሉ። ድምፁን ለማጽዳት ወደ ኦዲሽን ስትልኩት ፕሮግራሙ ቅጂ ፈጥሮ በዋናው ቦታ ይተካዋል፤ ዋናው ፋይል ግን አይነካም። ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ከተከፈተ የመቀልበሻው ትእዛዝ ስለማይሠራ እንዲህ አድርጉ፦ ቁራጩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቁሙ፤ የምስሉን ትራክ ብቻ መርጣችሁ ‹ኤፍ› የሚለውን ፊደል ተጫኑ። ምስሉ ከዋናው ፋይል ጋር እንደተያያዘ ስለሆነ ዋናው ቀረጻ በዚያው ቅጽበት ላይ ይከፈታል። በ‹አይ› ፊደል መነሻውን ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ድምፁን ብቻ ጎትታችሁ ከምስሉ ሥር በቦታው አስገቡ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ዋናው ፋይል ካለ ነው። ከሜሞሪ ካርዱም ከኮምፒውተሩም ከጠፋ የትኛውም ቁልፍ አይመልሰውም። ስለዚህ ሥራ ሳትጀምሩ በሁለት ቦታ ገልብጡ፤ ባለታሪኳ የተስተካከለውን ሰምታ «አዎ፣ ቃሌ ነው» ሳትልም ምንም አታጥፉ።

እህታችን ታሪኳን የሰጠችን አምናን ነው። ደጋፊዎቻችን መስማት ያለባቸው የእርሷን ድምፅ ነው፤ አደራ በላ እንዳንሆን።