አካል ጉዳተኛ ወገናችንና የሥራ መብቱ

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ከተወለደ ጀምሮ ሽባ የነበረውን ሰው ታስታውሳላችሁ። በየቀኑ ተሸክመው የሚያመጡት ሰዎች ነበሩት። ደጎች ናቸው፤ ዳሩ ግን የሚያደርሱት እስከ ልመናው ስፍራ ብቻ ነበር። እኛም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ አባል በነበርሁበት የቅጥር ኮሚቴ ፊት አንዲት እኅት ለሒሳብ ሠራተኝነት ቀረበች። በልጅነቷ ፖሊዮ ስለ ያዛት በክራንች ትሄዳለች። ክራንቹን የገዛንላት እኛው ነን፤ በዚያ ቀን ጸሎቱም ፎቶግራፉም አልቀረም። በፈተናው አንደኛ ወጣች። ሆኖም ቢሮው ፎቅ ላይ ነውና፣ “ደረጃው ያደክማታል” ብለን ሁለተኛውን ቀጠርን። እርሷን የጠየቃት የለም። እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

ርኅራኄ መስሎን ነበር። በኋላ አዋጁን ሳነብ ግን ሕግ መተላለፍ ሆኖ አገኘሁት።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 ለአካል ጉዳተኞች የሥራ መደብ ተለይቶ እንዲያዝ ያደርግ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 568 በመግቢያው የዚህን ጉድለት ይናገራል፤ መደብ መለየቱ አካል ጉዳተኛው በችሎታው ተወዳድሮ መሥራት የማይችል አስመስሎታልና። ስለዚህ ተፈላጊውን ችሎታ ይዞ በውድድር የበለጠውን ሰው በጉዳቱ ምክንያት ማስቀረት ተከለከለ። አሠሪውም የሥራውን ቦታና መሣሪያ ለሠራተኛው እንዲስማማ የማድረግ፣ ሲያስፈልግም ረዳት የመመደብ ኃላፊነት አለበት። ተቀጥሮ በሦስተኛው ወር ተማርሮ የሚለቅ ስንት አለ! ተበዳዩ ቢከስ ደግሞ አድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት የአሠሪው ሸክም ነው።

ከእኛ ኮሚቴ የሚጠበቀው ምን ነበር? አንድ ጠረጴዛና አንድ የፋይል ሣጥን ወደ ምድር ቤት ማውረድ። ምድር ቤቱን የያዘው ለድሆች የምናድለው አሮጌ ልብስ ነበር።

እኅታችንን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። “ይቅር ብያለሁ፤ ደመወዙን ግን ሌላ ሰው ይበላዋል” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ የፕሮጀክት ኃላፊዎች ሆይ፣ ከቅጥር ማስታወቂያችሁ ሥራው የማይጠይቀውን “ሙሉ ጤነኛ” የሚል መስፈርት ሰርዙ። የማኅበረ ምእመናን ሽማግሌዎችም ከእርዳታ መዝገባችሁ ላይ ሙያ ያላቸውን ለይታችሁ ጻፉልን፤ አዋጁንም አባዝተን እንልክላችኋለን።