የሚስዮናዊው ቤትና የጃፓን ወጣት፦ ማን ገባ? ማንስ ከደጅ ቀረ?



ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በ1924 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ፣ ጃፓን በእኛ የትምህርት ዓለም የምትነሣው በአብዛኛው «አንድ የእስያ አገር እንዴት በፍጥነት ሠለጠነ?» በሚለው ጥያቄ ነው። እኔ ዛሬ የማቀርበው ጥያቄ ከዚያ ጠበብ ያለ ነው። ወደ ጃፓን የሄዱት ክርስቲያን ሚስዮናውያን ከነቤተሰባቸው እንዴት ኖሩ? ቤታቸውስ ለአገሬው ወጣት ምን ሆነለት? ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የንግግሬን ፍሬ ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር። የጃፓንን ወጣት ወደ ክርስትና ከሳቡት ነገሮች ሁሉ ዋነኛው የሚስዮናዊው ቤት ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ያ ቤት ወጣቱን በክብር ሲቀበል ወላጆቹን ከደጅ አስቀርቷል። ክርስትና በጃፓን ትምህርትና ሥነ ጽሑፍ ላይ የተወው አሻራ ትልቅ ሆኖ ሳለ፣ የምእመናኑ ቁጥር እስከ ዛሬ ከሕዝቡ አንድ በመቶ ገደማ ሆኖ የቀረበት ምክንያት ብዙ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን በዚህ በር ላይ የሚታይ ይመስለኛል።

ለንጽጽር እንዲረዳን ከቀደመው ዘመን እንነሣ። ፍራንሲስ ዣቪየር በ1549 ካጎሺማ ከደረሰ በኋላ ክርስትና በደቡባዊው የኪዩሹ ደሴት በፍጥነት ተስፋፋ። በ1614 ግን የቶኩጋዋ መንግሥት በመላ አገሪቱ ከለከለው፤ ካህናቱም ተባረሩ፣ ተገደሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በቡድሃ ቤተ መቅደስ እንዲመዘገብ ተገደደ። እምነቱ ጠፋ ተብሎ ሲታሰብ፣ በ1865 በናጋሳኪ በሚገኘው የኦኡራ ቤተ ክርስቲያን የኡራካሚ መንደር ሰዎች ወደ ፈረንሳዊው ካህን ወደ በርናር ፕቲዣን ቀርበው እምነታቸውን ገለጹ። እነዚህ ሰዎች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለ ካህን ኖረዋል። በየመንደሩ አንዱ ሽማግሌ ሕፃናትን ያጠምቅ፣ ሌላው የበዓላትን ቀን ይቆጥር፣ ጸሎቱም ከወላጅ ወደ ልጅ በቃል ይተላለፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሦስት ሺህ በላይ የሚሆኑ የኡራካሚ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለው በግዞት ተበትነዋል፤ የተጋዙትም ከነቤተሰባቸው ነበር። እዚህ ላይ እምነትን ተሸክሞ ያሻገረው ተቋም ቤተሰብ መሆኑን ልብ እንበል።

ሁለተኛው ምዕራፍ በ1859 ተጀመረ። በዚያ ዓመት ሐኪሙ ጄምስ ከርቲስ ሄፕበርን ከባለቤቱ ከክላራ ጋር ካናጋዋ ደረሰ። መጀመሪያ ያረፉትም በቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነበር። ክርስትናን የሚከለክሉት የአዋጅ ሰሌዳዎች ከየአደባባዩ የተነሡት በ1873 በመሆኑ፣ ለአሥራ አራት ዓመታት ያህል ሚስዮናዊው በይፋ ሊሰብክ አይችልም ነበር። የሚፈቀድለት ሕመምተኛን ማከምና ቋንቋ ማስተማር ነው። ስለዚህ ዐውደ ምሕረቱ ወደ ቤቱ ገባ። ክላራ ሄፕበርን በ1863 በዮኮሃማ መኖሪያ ቤቷ ማስተማር ጀመረች። ከእርሷ ዘንድ እንግሊዝኛ ከተማሩት ልጆች አንዱ፣ በኋላ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ታካሃሺ ኮሬኪዮ ነው። በ1870 ደግሞ ሜሪ ኪደር በዚያው ከተማ ለልጃገረዶች ማስተማር ጀመረች፤ የዛሬው የፌሪስ ዩኒቨርሲቲ ጅማሬ ይኸው ነው።

ወጣቱ በዚያ ቤት ምን አየ? በሳሙራይ ቤት ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ትንሽ ገበታ ይቀርብለት ነበር፤ የአባትና የሚስት፣ የበኩርና የታናሽ ደረጃም በአቀማመጥ ይታወቃል። በሚስዮናዊው ቤት ግን ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር አንድ ማዕድ ከበው ይጨዋወታሉ፤ ሚስትም በእንግዳ ፊት ሐሳቧን ትናገራለች። ለተማሪው ይህ ራሱ ትምህርት ነበር። ኢዋሞቶ ዮሺሃሩ «ጆጋኩ ዛሺ» በተባለው የሴቶች መጽሔቱ ስለ ክርስቲያናዊ ቤተሰብ ሲጽፍ፣ የጃፓንኛው ቃል አልበቃ ብሎት «ሆሙ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ተውሷል። «ሴይኔን» የሚለው ቃል ዛሬ በሚታወቅበት «ወጣት» በሚለው ትርጉሙ የተስፋፋውም፣ በ1880 የቶኪዮ ወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ሲመሠረት ኮዛኪ ሂሮሚቺ ለማኅበሩ ስም ከመረጠው በኋላ ነው። «ቤት» እና «ወጣት» የሚሉት ሁለቱ ዘመናዊ ሐሳቦች ከአንድ ምንጭ መቀዳታቸው በአጋጣሚ አይደለም።

ወደዚያ ቤት ፈጥነው የገቡት እነማን እንደነበሩ ስናጣራ አንድ የሚደጋገም ነገር እናገኛለን፤ ብዙዎቹ የራሳቸው ቤት የፈረሰባቸው ናቸው። ከዮኮሃማ የመጀመሪያዎቹ ፕሮቴስታንት ወጣቶች መካከል ኡኤሙራ ማሳሂሳና ኢቡካ ካጂኖሱኬ፣ በ1868ቱ የመንግሥት ለውጥ ከተሸነፈው ወገን የተወለዱ የሳሙራይ ልጆች ናቸው። በሜሪ ኪደር እጅ ተምራ ያደገችው ጸሐፊና ተርጓሚ ዋካማትሱ ሺዙኮ የመጣችው በዚያ ጦርነት ከተደመሰሰው ከአይዙ ግዛት ነው፤ እናቷንም ገና በሕፃንነቷ አጥታለች። በቶኩሺማ ደግሞ ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣው ካጋዋ ቶዮሂኮ በሚስዮናውያኑ በሎጋንና በማየርስ ቤት እንግሊዝኛ ተማረ፣ በ1904 ተጠመቀ፤ በኋላም በኮቤ ከድኾች ጋር ለመኖር ሺንካዋ ወደሚባለው ሰፈር ገባ። ለእነዚህ ወጣቶች የሚስዮናዊው ቤት ያጡትን ቤት ተክቶላቸዋል።

ቤቱ ያልፈረሰበት ወጣት ግን ሌላ ዋጋ ከፍሏል። በኩማሞቶ የምዕራባውያንን ትምህርት ለማስተማር የተቀጠረው ሊሮይ ጄንስ ሚስዮናዊ አልነበረም፤ ከቤተሰቡ ጋር በሚኖርበት ቤት ግን ለፈቃደኛ ተማሪዎች መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምር ነበር። በጃንዋሪ 30 ቀን 1876 ሠላሳ አምስት ያህል ተማሪዎቹ ሃናኦካ ወደተባለው ኮረብታ ወጥተው በእምነት ለመጽናት ቃል ገቡ፤ ፈረሙም። ወሬው በተሰማ ጊዜ ወላጆች ደነገጡ፤ ከተማሪዎቹ በቤት የተቆለፈበት ነበር። ትምህርት ቤቱም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ብዙዎቹ ኒጂማ ጆ ከአንድ ዓመት በፊት በኪዮቶ ወደከፈተው ወደ ዶሺሻ ሄዱ፤ ከእነርሱም መካከል የታወቁ ሰባክያን፣ መምህራንና ጋዜጠኞች ወጡ።

ይህን ታሪክ ስንተርክ ወላጆቹን በጭካኔ ብቻ መክሰስ ይቀናናል። ነገር ግን «ኢኤ» የሚባለው የጃፓን ቤት ሕያዋንን ብቻ የሚይዝ አይደለም፤ ሙታንንም ያቅፋል። የበኩር ልጅ «ቡትሱዳን» በተባለው የቤት መሠዊያ ፊት አያቶቹን የማሰብ፣ መቃብራቸውንም የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የ1898ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤቱን አለቃ ሥልጣን በሕግ አጸናው፤ ይህም እስከ 1947 ቆየ። እንግዲህ ልጁ ሲጠመቅ እናቲቱ የምትሰማው «ስሞት የሚያስበኝ የለም» የሚል ድምፅ ነበር። ሚስዮናዊው ለዚህች እናት ምን ብሎ እንደመለሰላት በደብዳቤዎቹ ውስጥ ብንፈልግ፣ ስለ ልጇ ከጻፈው እጅግ ያነሰ ነው የምናገኘው።

የሚስዮናዊው ቤት ራሱም ከመለያየት አልዳነም። ሄፕበርንና ክላራ ወደ ጃፓን ሲነሡ በሕይወት የቀረላቸውን አንድ ልጃቸውን ሳሙኤልን አሜሪካ ትተውት ሄደዋል። በኋላ ዘመን የሚስዮናውያን ልጆች በ1902 በቶኪዮ በተከፈተው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ይማሩ፣ ክረምቱንም በካሩኢዛዋ ተራራ ከመሰሎቻቸው ጋር ያሳልፉ ነበር። ይህ ኑሮ ቤተሰቡን ከበሽታና ከብቸኝነት ጠብቆታል፤ ከጎረቤቱም አርቆታል። ተቃራኒ ምሳሌም አለ። አውጉስት ካርልና ሄለን ራይሻወር ሴት ልጃቸው መስማት የተሳናት ስለነበረች፣ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት በንግግር የሚማሩበትን ትምህርት ቤት በ1920 በቶኪዮ መሠረቱ። በዚህ ጊዜ የሚስዮናዊው ቤተሰብ ጃፓናዊ ወላጆችን ያገኛቸው እንደ አስተማሪ ሳይሆን ተመሳሳይ ጭንቀት እንደተሸከመ ወላጅ ነው። በእኔ ግምት የዚህ ትምህርት ቤት ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1995 የኦም ሺንሪክዮ አባላት በቶኪዮ የምድር ባቡር ውስጥ መርዘኛ ጋዝ ከረጩ ወዲህ፣ ወጣትን በሃይማኖት ስም የሚቀርብ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። በ2022 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ሲገደሉ፣ ገዳዩ እናቱ ለዩኒፊኬሽን ቤተ ክርስቲያን ባደረገችው ከፍተኛ ስጦታ ቤተሰቡ እንደፈረሰ ተናገረ። አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ድርጅት ከራሳቸው አይቈጥሩትም፤ ለተራው ጃፓናዊ ወላጅ ግን ልዩነቱ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥት ልጆችን በማስፈራራት በሃይማኖታዊ ሥርዓት እንዲሳተፉ ማስገደድ በደል መሆኑን የሚገልጽ መመሪያ አወጣ። እንግሊዝኛ እናስተምርህ፣ ሙዚቃ እናስጠናህ ብሎ ወጣቱን የሚጋብዝ አገልጋይ ዛሬ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ወላጆቹ ያውቃሉ ወይ?» ተብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ አንድ ወጣት የመሰለውን የማመን ነፃነት አለው፤ የኩማሞቶ ተማሪዎችም ያን ነፃነት በብርቱ ዋጋ ገዝተውታል። ነፃነቱን ማክበር ግን ወላጆቹን እንደ እንቅፋት መቊጠር አይደለም። በሚስዮን ታሪክ ላይ የምትመራመሩ ሁሉ የተጠማቂዎችን ስም ከመዝገብ ስትገለብጡ፣ ከጎኑ የእናትና የአባት ስም መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ። ወጣቶችን ለማገልገል የምትሰማሩም ልጁን ቤታችሁ ከመጥራታችሁ በፊት የእርሱን ቤት ደጅ አንኳኩ፤ ቡና ባይቀርብላችሁም ሰላምታችሁ ይሰማል። የኡራካሚ ሰዎች ያለ ካህን ያቆዩትን እምነት ያቆየላቸው ቤታቸው ነበርና።