ድንች ለማዳምም ለእኛም

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለተፈጨ ድንች፣ እዚህ ሊባኖስ «ባታታ መህሩሴ» ስለሚሉት፣ ላውራችሁ።

1 ኪሎ ድንች ልጣችሁ እኩል እኩል ቁረጡት። ጨው ባለው ቀዝቃዛ ውኃ ጣዱት፤ በፈላ ውኃ ከጀመራችሁ ዳር ዳሩ ይፈርስና መሀሉ ጥሬ ይቀራል። ሲበስል አጥልሉት፤ ውኃውን ግን አትድፉት። ድንቹን ወደ ድስቱ መልሱና እንፋሎቱ እስኪወጣ አቆዩት። በትኩሱ ጨፍልቁት። መጀመሪያ 100 ግራም ቅቤ፣ ቀጥሎ 1 ብርጭቆ ትኩስ ወተት ቀስ በቀስ።

ማዳም «በኸላጥ ፍጪው» ካለች፣ «እንደ ሙጫ ይያያዛል» በሏት። ምክንያቱን ስትናገሩ ባለሙያነታችሁ ይታያል።

በጾም ቀን ቅቤ ሳይገባበት የራሳችሁን ድርሻ ለዩ፤ ያስቀራችሁትን ውኃና ዘይት ጨምሩበት። ለሰው ስናበስል ውለን እኛ በዳቦና ሻይ አንደር!