ይሉኝታና ግለ ታሪክ



ስለ ራሱ ለመጻፍ ብዕር ያነሣ ሰው ከትዝታው አስቀድሞ የሚገናኘው ከይሉኝታ ጋር ነው። ቃሉን ልብ ብሎ ለተመለከተው ይሉኝታ «ይሉኛል» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ባለቤቱ ግን አይታወቅም። የሚሉት እነማን ናቸው? ጎረቤት ነው፣ ዘመድ ነው፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ነው፣ ወይስ ገና ያልተወለደ አንባቢ? ጸሐፊው ይህን ሳይለይ ሲቀር ሁሉንም ባንድነት ይፈራና ወረቀቱን አጥፎ ያስቀምጣል።

ይህ ችግር ብዕራቸው ባልጠነከረ ጀማሪዎች ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» በሚል ርእስ የሌሎችን ሰዎች ታሪክ አሳትመዋል። የራሳቸው «የሕይወቴ ታሪክ» ግን ለአንባቢ የደረሰው በ1931 ዓ.ም. በስደት ካረፉ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። መንግሥቱ ለማም የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትረካ በቴፕ ቀድተው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አወጡ፤ ስለ ራሳቸው የጻፉት «ደማሙ ብዕረኛ» የታተመው ግን እርሳቸው በ1980 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ነው። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግለ ታሪክም እንዲሁ ባለቤቱን አልጠበቀም። የመዘግየቱ ምክንያት ይሉኝታ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ ስደትም፣ የማተሚያ ወጪም፣ ሳንሱርም ነበሩ። ሆኖም ሁሉም ጽፈዋል። መጻፍና ማሳተም ሁለት ሥራዎች መሆናቸውን፣ የሁለተኛው ፍርሃት የመጀመሪያውን ማስቆም እንደማይገባው የእነዚህ መጻሕፍት መኖር ያሳያል።

የአለቃ ለማ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። አለቃ የተናገሩት «ለሕዝብ» አልነበረም፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ልጃቸው ነበር። በአገራችን ሰው ገመናውን የሚናገርበት ጥንታዊ ቦታ የንስሐ አባት ፊት ነው፤ እዚያም ሰሚው አንድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ረቂቅ ለአንድ ለሚታወቅ ሰው እንደሚነገር አድርጎ መጻፍ ከባዕድ አገር የመጣ ብልሃት አይደለም።

ፍርሃቱ ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለትም ስሕተት ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በየስብሰባው ግለ ሂስ ያደረገ ሰው የገዛ ቃሉ ማስረጃ ሆኖ ሊመለስበት ይችል ነበር። ያን ዘመን ያየ ጸሐፊ ቢቆጠብ ፈሪ አያሰኘውም።

ይሉኝታ ከሁሉ ይልቅ የሚደበቀው በሰዋስው ውስጥ ነው። «እኔ ዋሸሁ» ማለት የከበደው ሰው «እውነቱ ሳይነገር ቀረ» ይላል፤ ወይም ብቻውን ያደረገውን «እኛ» እያለ ለብዙዎች ያከፋፍላል። አባቱ ጠጥተው እየመጡ ቤቱን ያውኩ እንደ ነበር የሚያስታውስ ልጅ ደግሞ ሌላ መከራ አለበት፤ አባቱን የሚጠራው በአንቱታ ነውና ነውራቸውን በአክብሮት ግሥ መጻፍ ይኖርበታል። ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ «በቤታችን ጠብ ይነሣ ነበር» ብለው ያልፋሉ። ጠቡ አለ፤ ያነሣው ሰው ግን የለም። «አባቴ ሰክረው ገቡ፤ እናቴ ልጆቹን ሰብስበው ወደ ጓዳ ወሰዱን» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ግን አንቱታው ነውሩን አይሸፍነውም። እንዲያውም ልጁ አባቱን ማክበሩንም መፍራቱንም ባንድ ግሥ ይይዝለታል። አማርኛ ለግለ ታሪክ ጸሐፊ ካበረከታቸው መሣሪያዎች ይህ ሳይበልጥ አይቀርም፤ የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ በመጋረጃነት ብቻ ማገልገሉ ነው። ረቂቁን የሚያርም ሰው ባለቤታቸው የጠፋ ግሦችን አንድ በአንድ ቢያሰምርባቸው ፍርሃቱ የት የት እንደ ተቀመጠ በገዛ ዓይኑ ያያል።

የራስን ገመና መግለጥና የሌላውን መግለጥ ግን አንድ አይደሉም። እኅቱ በምሥጢር የነገረችውን ለማሳተም የራሱ ድፍረት አይበቃውም፤ ጠይቆ ፈቃዷን ማግኘት አለበት፣ ከከለከለችም ምዕራፉ ሊቀር ይችላል። ማቆየትም ሁሉን አይፈታም፤ ጸሐፊውን ከወቀሳ ቢያድነውም በመጽሐፉ የተወቀሱትን መልስ ያሳጣቸዋል። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት መጽሐፍ በወጣ ጊዜ በውስጡ ከተነሡት የቤተ መንግሥት ሰዎች አብዛኞቹ ከመቃብር በታች ነበሩ።