የከበሮ ምት ታሪክ፦ ከተጉለት ማኅሌት እስከ ጃፓን መጫወቻ

ስለ ዜማው አባት ስለ ቅዱስ ያሬድና ይህችን ደብረ ብርሃን ስለ ቈረቈሩት ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁና በዚያ አልዘገይም፤ የምዘገየው ብዙ ዘመን በደከምሁበት በ16ኛው ምእተ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት ነው።

በዚያ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ በምልክት እንዳጻፉት ሊቃውንት ይተርካሉ። ምልክቱ ከንባቡ በላይ በጥቃቅን ፊደል ሰፍሮ ድምፁን ሲመራ፣ ስለ ከበሮ መቺው እጅ ግን ዝም ይላል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ሥራው ጎደሎ ነው ይላሉ፤ ሌሎችም የማኅሌቱን ሥርዐት ሁሉ ጎንደር ከተቈረቈረች ወዲህ የመጣ አድርገው፣ የራሱ ዜማ ያለውን የሸዋውን ተጉለት በአንድ መስመር ያልፉታል። በሁለቱም አልስማማም። በመጀመሪያ ከበሮው መሬት ተቀምጦ በዝግታ ይመታል፤ ቀጥሎ መቺው በማንገቻው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይነሣል፤ ጽፋት በሚባለው ክፍል ጭብጨባውና ምቱ ይጣደፋሉ። የፍጥነቱ ልክ ከመዘምራኑ እስትንፋስ የሚወሰድ ነውና፣ ሊቃውንቱ ምቱን ሳይጽፉ የተዉት አውቀው ነው እላለሁ።

እኔን ያስተማሩኝ የኔታ ከበሮ ሳያስነኩ አስቀድመው ጉልበቴን ያስመቱኝ ነበር፤ ስቀድም በመቋሚያቸው ጫፍ እጄን ጫን ያደርጉታል እንጂ ቃል አይናገሩም።

ያልሁትን ልሰብስብ፦ ዜማው በብራና ተጻፈ፤ ምቱ በመምህርና በደቀ መዝሙር እጅ ቀረ፤ ይህም የሆነው በዕውቀት እንጂ በስንፍና አይደለም፤ ተጉለትም ከዚህ ታሪክ ሊዘለል አይገባውም።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያሳዩኝ ስለሆነ የአንኮበርን ነጋሪት እዘለዋለሁ፤ አዋጅ ይለፈፍበት የነበረው ነጋሪት በ1934 ዓ.ም. ስሙን ለነጋሪት ጋዜጣ ማውረሱን ብቻ ያዙልኝ። ወደ ሌላ አገር ስንሻገር ደግሞ፣ እኛ የከበሮ ምታችንን ሳንጽፍ ስንተው ጃፓኖች ምትን በምልክት ጽፈው የቪዲዮ መጫወቻ አደረጉት፦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ኮናሚ የተባለው ኩባንያ ድራምማኒያን፣ በ2001 ናምኮ የተባለው ታይኮ ኖ ታትሱጂንን አወጡ። በኋለኛው ምልክቶቹ በመስኮቱ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ይጎርፋሉ፤ ቀዩ የከበሮውን ፊት፣ ሰማያዊው ጠርዙን ምታ ይላል፤ ትልቁ ምልክት ሁለቱን በትር ባንድነት ይሻል። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ዘፈኑ ለተጫዋቹ አይታገሥም፣ በማኅሌት ግን መቺውና መዘምራኑ ይጠባበቃሉ።

ስለዚህ እናንተ ካሜራ በኪሳችሁ የያዛችሁ ወጣቶች፣ የተጉለትን ዜማ የያዙ መምህራን በሕይወት ሳሉ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ እጃቸውን ቅረጹልን።