በጀቱ ሳይጠየቅ አሠልጣኙ አይከሰስ

በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በአንድ የማኅበሩ አባል የተደረገ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ስፖርት እንድናገር ሲጋብዘኝ «ከታክሲ ነጂ ምን ይሰማል?» ብዬ ነበር። ይሁን እንጂ በሮማ ታክሲ የሚነዳ ሰው ወደደም ጠላም የኳስ ተማሪ ነው። ጧት ከካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ተነሥቼ በፍላሚኒያ መንገድ ስወርድ የከተማው ሬዲዮ ስለ ሮማና ስለ ላዚዮ ይከራከራል፤ ማታ ስመለስም ክርክሩ አላለቀም። እኔ በ1993 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ አቋርጬው የመጣሁት ትምህርት የሒሳብ አያያዝ ስለ ነበር፣ ይህን ክርክር በሁለት ጆሮ ነው የምሰማው። አንዱ ጆሮዬ ጎል ይቆጥራል፣ ሌላው ደረሰኝ ይጠይቃል።

የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው። ገንዘብ ያጠረው ክለብ አሠልጣኝ ተጫዋች ሲያስመጣ፣ ደግ አደረገ ወይም አጠፋ የምንለው በምን መለኪያ ነው? ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት በኢጣሊያ አሠልጣኙ ገዢ አለመሆኑ ነው። እሱ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ተደራድሮ የሚያስፈርመው የስፖርት ዲሬክተሩ ነው፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው ደግሞ ባለቤቱ ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ ግን ከሦስቱ ቀድሞ የሚሰናበተው አሠልጣኙ ነው።

የሮማን ምሳሌ እንውሰድ። በ2021 ክረምት ጆዜ ሞሪንሆ ሲመጡ ክለቡ ታሚ አብርሃምን በ40 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ገዛ። ልጁ በመጀመሪያ ዓመቱ በሁሉም ውድድሮች 27 ጎል አገባ፤ ግንቦት 25 ቀን 2022 ቲራና ላይ ሮማ ፌየኖርድን 1 ለ 0 አሸንፎ የኮንፈረንስ ሊግን ዋንጫ ወሰደ። በሒሳብ መዝገብ ግን 40 ሚሊዮን ለ5 ዓመት ውል ሲካፈል፣ ደመወዙ ሳይቆጠር በየዓመቱ 8 ሚሊዮን ወጪ ማለት ነው። ዋንጫው ሲወሰድ ወጪው አብሮ አይፋቅም።

በመስከረም 2022 ሮማ ከገቢው በላይ ከማውጣቱ የተነሣ ከአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ጋር ስምምነት ፈረመ። 5 ሚሊዮን ዩሮ የማይቀር ቅጣት ሆነ፤ ስምምነቱ ካልተከበረ ደግሞ ሌላ 30 ሚሊዮን ይጠብቀው ነበር። ስለዚህ በዚያ ክረምት የመጡት ትልልቆቹ ስሞች አብዛኛዎቹ የዝውውር ዋጋ ያልተከፈለባቸው ነበሩ። ዲባላ፣ ማቲችና ቤሎቲ ውላቸውን ጨርሰው መጡ፤ ዋይናልደም በውሰት መጣ።

ውጤቱስ? ዲባላ በሊጉ 12 ጎል አገባ። ቤሎቲ በሊጉ አንድም አላገባም። ዋይናልደም ገና ሳይላመድ በነሐሴ እግሩ ተሰብሮ ለወራት ተኛ። ሮማ እንደ ቀደመው ዓመት በ63 ነጥብ 6ኛ ሆነ፤ ነገር ግን በዩሮፓ ሊግ ለፍጻሜ ደርሶ ግንቦት 31 ቀን 2023 ቡዳፔሽት ላይ በሲቪያ በመለያ ምት ተሸነፈ። ሞሪንሆ በጥር 2024 ሲሰናበቱ ቡድኑ 9ኛ ነበር።

ታዲያ ይህ ግዢ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ተሳፋሪዎቼ መልሱን የሚሰጡኝ ሒሳብ ከፍለው ሳይወርዱ ነው። እኔ ግን ከመፍረዴ በፊት አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በእጅ የነበረው ገንዘብ ስንት ነበር? ሁለተኛ፣ የመረጠው ማን ነው፣ የፈቀደውስ? ሦስተኛ፣ በፊርማው ቀን ምን ይታወቅ ነበር? ዲባላ ቶሎ ቶሎ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፤ የዋይናልደም እግር እንደሚሰበር ግን ማንም አያውቅም ነበር። አንዱ ሊጠየቁበት የሚገባ ሥጋት ሲሆን ሌላው መከራ ነው። አራተኛ፣ ከዚያ በኋላ ምን ይቀራል? በነፃ የመጣ ተጫዋች ደመወዙ ነፃ አይደለም፤ ዕድሜው ከገፋ ደግሞ ተሸጦ የሚገባ ገንዘብ የለም።

እንዲህም ስል በነፃ የመጣ ሽማግሌ ሁሉ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ላዚዮ በ2004 ባለቤት ሲለውጥ የቀረበትን 140 ሚሊዮን ዩሮ ያህል የግብር ዕዳ በ23 ዓመት ለመክፈል ተስማማ። ይህን እየከፈለ በ2011 ክሎዘን በ33 ዓመቱ ያለ ዝውውር ዋጋ አመጣ፤ ሰውየው በ2013 በቦሎኛ ላይ በአንድ ጨዋታ 5 ጎል አገባ። ያው ላዚዮ በ2025 ክረምት የሒሳብ መስፈርቱን ባለማሟላቱ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ታገደ። ሳሪ ወደ ክለቡ በተመለሱ በዚያው ክረምት አንድ ሰው እንኳ ማምጣት አልቻሉም። እንዲህ ያለው አሠልጣኝ የሚመዘነው ባመጣው ሳይሆን ያገኘውን በማሳደጉ ነው።

ወገኖቼ፣ እስካሁን የሰው ቤት ሒሳብ ነው የቆጠርሁት። አሁን ወደ ቤታችን ልግባ።

በጥር 2019 እዚሁ ካስቴልኑቮ የነበረው የስደተኞች መቀበያ ማዕከል ሲዘጋ፣ ከቡድናችን ልጆች ግማሾቹ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ሌላ ክልል ተወሰዱ። ለአሠልጣኛችን የቀረላቸው ስድስት ተጫዋችና 400 ዩሮ ነበር። አምስት ልጆች ፈልገው አመጡ፤ የባቡራቸውንም ከኪሳቸው ከፈሉ። ሁለቱ ሁለት ጊዜ ተሰልፈው ጠፉ፣ አንዱ ተጎዳ፣ ሁለቱ ቀሩ። በውድድሩ ተሸነፍን። በሰኔው ስብሰባ «የማይረቡ ሰበሰቡብን» ተብሎ ከኃላፊነት እንዲነሡ ድምፅ ሲሰጥ፣ እጄን ካነሡት አንዱ እኔ ነበርሁ። ስለ 400 ዩሮው የጠየቀ አልነበረም። ሒሳብ የተማርሁት እኔ እንኳ አልጠየቅሁም።

ዛሬ አራቱን ጥያቄዎች በራሴ እጅ ላይ አነሣለሁ። ገንዘቡን የወሰንነው እኛ ነን። ልጆቹ በወረቀት ጉዳይ ከተማ እንደሚለቁ በዚያ ቀን ማንም አያውቅም ነበር። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ እስከ ዛሬ በረኛችን ነው፤ ዛሬ ወንበሮቹን የደረደረልን እሱ ነው። ጥፋትም አልታጣም፤ አሠልጣኛችን እዚህ ተወልደው ያደጉትን ልጆቻችንን ሳይሞክሩ ከሩቅ መፈለጋቸውን ያኔም አልወደድሁትም፣ አሁንም አልወደውም። ይህ ግን የሚያመካክር እንጂ የሚያባርር ጥፋት አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት የተፈቀደው ገንዘብና የሚጠበቀው ውጤት በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ሊቀ መንበሩና አሠልጣኙ ይፈርሙበት። ውድድሩ ሲያልቅ የምንፈርደው ያንን ገጽ ይዘን ይሁን።

ጋሼ፣ ከኋላ ወንበር እንደ ተቀመጡ አያለሁ። ያን ቀን ያነሣሁትን እጅ ዛሬ ይቅርታ ለመጠየቅ አነሣዋለሁ።